ጄት ሞሽንና የመስመር ብሎክ፦ የአንድ ሲዝን የሥራ ማስታወሻ

ጁላይ መጨረሻ

ሥራዬ በአንድ የሜሪላንድ ሃይስኩል የጄቪ (የታናናሾቹ) የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ኦፌንሲቭ ላይኑን፣ ማለትም የአጥቂውን የፊት መስመር፣ ማሠልጠን ነው። ሴንተሩ መሀል፣ ሁለቱ ጋርዶች ግራና ቀኙ፣ ሁለቱ ታክሎች ጫፍና ጫፍ። አምስቱም ኳስ ይዘው አይሮጡም፤ ተከላካዮችን በገላቸው እየገፉ (ብሎክ እያደረጉ) ለሚሮጠው መንገድ ይከፍታሉ። የዘንድሮ ሥራ የሩጫ ጨዋታውን ከሥር ጀምሮ መገንባትና ሞሽን መጨመር ነው። ሞሽን የሚባለው ስናፕ (ሴንተሩ ኳሱን ለጨዋታ መሪው ለኳርተርባኩ ወደ ኋላ መስጠቱ) ሳይደረግ አንድ ተጫዋች ብቻውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲንቀሳቀስ ነው።

የኦፌንስ አስተባባሪያችን ወጣት ነው። ያመጣው የፕሌይ ዝርዝር ሁለት ገጽ ሞልቷል፦ ፓወር፣ ትራፕ፣ ዱዎ፣ አውትሳይድ ዞን፣ ሌላም ሌላም። እኔ ሦስት ይበቃል ባይ ነኝ፤ ኢንሳይድ ዞን፣ ካውንተር፣ ጄት ስዊፕ። የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ስምንት ዓይነት ብሎክ በጨረፍታ ከሚያውቅ ሦስቱን ሳያስብ ቢሠራቸው ይሻላል። የቀረውን ሞሽኑ ይሙላ። ያው አንድ ኢንሳይድ ዞን ያለ ሞሽን፣ በጄት ሞሽን (አንድ ሯጭ በሙሉ ፍጥነት በኳርተርባኩ ፊት ሲያልፍ)፣ ወይም ሄዶ በሚመለስ ሞሽን ሲመጣ ዲፌንሱ ሦስት የተለያየ ነገር ያያል፤ የእኔ ልጆች ግን የሚሠሩት አንድ ነገር ነው። ብዙ ተከራክረን እስከ ሴፕቴምበር በዚህ እንሂድ ተባለ።

ሂሳቡ ይህ ነው። አምስቱ የመስመር ልጆችና ከታክሉ ጎን የሚቆመው ታይት ኤንድ ተደምረው ስድስት ብሎክ አድራጊ ይሆናሉ። ተጋጣሚ ሩጫ ሲጠረጥር ኳሱ አካባቢ ሰባት ሰው ያስጠጋል። ሰባተኛውን የሚነካው የለም። እሱን ወይ ኳርተርባኩ አይቶ ያታልለዋል፣ ወይ ሞሽኑ ከቦታው ያነሳዋል። ፊቱ በሙሉ ፍጥነት የሚያልፍ ልጅ አይቶ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን የሄደ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ)፣ ማንም ሳይነካው ብሎክ ተደርጓል ማለት ነው።

ወጪ፦ የምንገፋው የብረት ስሌድ ዝጎ አንድ እግሩ ተሰብሯል። አዲሱ በሺዎች ዶላር ስለሆነ አልተነሳም። የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ በ32 ዶላር ገዛሁ። ሳሩ ላይ ዘርግቼ የእያንዳንዱን ልጅ ቦታ በቀለም ቴፕ ምልክት አደረግሁበት፣ በየመካከሉ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከጽዳት ክፍል አሮጌ የቆሻሻ በርሜሎች ለምነን አገኘን፤ የዲፌንስ ሰዎች እነሱ ናቸው። ለቪዲዮ የቀለም ቀቢ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የስልክ መያዣ አሰርኩ፣ 27 ዶላር። መስመርን ከጎን መቅረጽ ከንቱ ነው፤ ከኋላና ከላይ ካልታየ እግር አይታይም።

ኦገስት፣ የልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት

በሙቀቱ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሄልሜት ብቻ ናቸው። መጋጨት የለም። ለእግር አሠራር ጥሩ ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም ጉልበተኛው ልጅ በጉልበቱ ስህተቱን መሸፈን አይችልም።

ሴንተራችን የሐበሻ ልጅ ነው፤ ፍልሰታን ይጾማል። ልምምዱ የሚጀመረው ደግሞ በጾሙ መሀል ነው። እናቱ ደውለው «ወንድሜ፣ በዚህ ፀሐይ ባዶ ሆዱን እንዳታስሮጥብኝ፤ ጾሙንም አልፈታም ብሎኛል» አሉ። ውኃው በየ15 ደቂቃው ለሁሉም ግዴታ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ጠዋት በሶ በጥብጬ እሰጠዋለሁ» ብለው ዘጉት። በዚያ ሳምንት ከልጆቹ ሁሉ ልምምዱን ሳያንገራግር የጨረሰው እሱ ነው።

ኢንሳይድ ዞን ገባ። ሕጉን በጥያቄ ነው የማስተምረው። ሩጫው ወደ ቀኝ ከሆነ፦ ፊቴ ላይ ወይም ቀኝ ትከሻዬ ላይ የቆመ ሰው አለ? ካለ የእኔ ነው። ከሌለ ከጎረቤቴ ጋር ሆኜ አንዱን ለሁለት እንገፋለን፣ ከዚያ አንዳችን ተላቀን ከኋላ ወዳለው ላይንባከር እንወጣለን። ይህ ኮምቦ ይባላል። የመጀመሪያዋ እርምጃ 15 ሴንቲ ብቻ፣ ዳሌ ለዳሌ መጋጠም፣ አራት እጅ አንዱ ሰው ላይ፣ አራት ዓይን ላይንባከሩ ላይ።

ችግሩ ወዲያው ታየ። ሁሉም ወደ ላይንባከሩ ለመውጣት ይቸኩላል። ገና አንድ እርምጃ ሳይገፉ ሴንተሩ ይላቀቃል፣ የቀረው ጋርድ ብቻውን ግማሽ ሰውነቱን ለተከላካዩ ሰጥቶ ይቀራል። «ቆይ» ማለት አልሠራም፤ ስንት ነው መቆየት? ስለዚህ ምልክት ሰጠኋቸው። ላይንባከር ሆኜ እኔው በርሜሉ ኋላ ቆምኩ፤ እግሬ ከበርሜሉ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ማንም አይላቀቅም። ወደ ቀኝ ካለፍኩ ቀኙ ይወጣል፣ ወደ ግራ ካለፍኩ ግራው። እኔ ካልመጣሁ ሁለቱም በርሜሉን እስከ አጥሩ ይገፉታል። በሁለተኛው ቀን አንድ በርሜል ተሰነጠቀ።

ኦገስት፣ ሙሉ ፓድ

ካውንተር ዞን አይደለም። ዞን ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይራመዳል፤ እዚህ ግን ሩጫው ወደሚሄድበት ጎን ያሉት ልጆች ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ከማዶ ጎን ያለው ጋርድ ከመስመሩ ተነቅሎ ተሻግሮ የመጨረሻውን ሰው፣ ኤንዱን፣ ወደ ውጭ ይመታል። ኤች ባኩ (ከመስመሩ ኋላ የሚቆም ብሎክ አድራጊ) ተከትሎት በተከፈተው በር ገብቶ ላይንባከሩን ይፈልጋል። ሯጩ መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ተቃራኒው አስመስሎ ነው የሚመለሰው።

አካባቢያችን ይህን ፕሌይ ያውቀዋል። በአሠልጣኝ ጆ ጊብስ ዘመን የዋሽንግተን ቡድን፣ «ሆግስ» የተባለው መስመሩ በጆ ቡጌል እየሠለጠነ፣ ጋርዱንና ታክሉን አንድ ላይ እየነቀለ ይጫወተው ነበር። በጃንዋሪ 1988 ሱፐር ቦውል (የፍጻሜው ጨዋታ) ላይ የእነሱ ሯጭ ቲሚ ስሚዝ ዴንቨር ላይ 204 ያርድ ሮጧል። አስተባባሪያችን የእነሱን ሙሉውን፣ ከነታክሉ፣ ፈለገ። ሞከርነው። የእኛ ታክል 120 ኪሎ ነው፤ ከማዶ ተነስቶ በሩ ላይ ሲደርስ ሯጩ ወይ አልፏል ወይ ወድቋል። በማግስቱ ታክሉን በኤች ባክ ተካነው። ኤች ባኩ ቀላል ነው፣ ላይንባከር ሲመታም እንደ ታክሉ አይጥለውም፤ ግን በሰዓቱ ይደርሳል።

ጋርዱ ሲነቀል መጀመሪያ ወደ ኋላ በሰፊው እየዞረ ኤች ባኩ ላይ ይወጣ ነበር። መፍትሔው ክርን ነው። ሊሄድ በፈለገበት በኩል ያለውን ክርኑን ወደ ኋላ በኃይል ሲጎትት ዳሌው ራሱ ይከፈታል፤ እግሩን ማሰብ አያስፈልገውም። ከዚያ ጎማውን ሁለተኛ መስመር አድርጌ ከፊተኛው 1 ሜትር ያህል ኋላ ዘረጋሁትና «በሁለቱ መካከል ሩጥ» አልኩት።

ሌላው፦ ኤንዱ ሁልጊዜ ለመመታት ቆሞ አይጠብቅም። ብልህ ከሆነ ጋርዱ ሲመጣ አይቶ ወደ ውስጥ ይጠጋና በሩን በራሱ ገላ ይዘጋል። ያን ጊዜ ጋርዱ ወደ ውጭ መምታቱን ትቶ ከውጭ በኩል ይከበውና እዚያው ይቆልፈዋል፤ ኤች ባኩና ሯጩ በውጭ ይዞራሉ። ኤች ባኩ ይህን የሚያውቀው የጋርዱን ጀርባ በማየት ነው። ቁጥሩ ሙሉ ከታየው ጋርዱ ወደ ውጭ እየመታ ነው፣ ወደ ውስጥ መግባት አለ። ቁጥሩ ከዞረበት በውጭ ይዞራል።

ኦገስት መጨረሻ፣ ጄት ሞሽን

የልጆቹ ተወዳጅ ቀን። ሁሉም በማያሚ ይጫወት የነበረውን ታይሪክ ሂልን መሆን ይፈልጋል። በ2023 የያኔው የማያሚ አሠልጣኝ ማይክ ማክዳንኤል እሱን ከስናፑ በፊት ወደ ውጭ በአጭሩ እያስፈነጠረ ሲያጫውተው ሁሉም አይቷል። የዚያ ሞሽን ጥቅም በዋናነት ለፓስ ነው። እኛ የምንፈልገው ረጅሙን፣ ከአንዱ ስሎት (ከመስመሩ ጫፍ ወጣ ካለው ቦታ) ተነስቶ በኳርተርባኩ ፊት የሚያልፈውን ነው። ልጆቹ አኮረፉ፤ ኩርፊያው ያልፋል።

ደንቡ በስናፕ ቅጽበት መንቀሳቀስ የሚፈቅደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ወደ መስመሩ ወደ ፊት መሄድ የለበትም። ጎን ለጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ። ጥሰቱ 5 ያርድ ያስከፍላል። የእኛ ሯጭ ኳሱን ለመቀበል ሲጓጓ ሳያውቀው ወደ ፊት ያጋድላል። ከቪዲዮው ነው የተገኘው፤ በዓይን አይታይም። ኮን ደርድረን መነሻው ላይ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ እንዲወርድ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ እንዲሮጥ ተደረገ። ይህ ችግሩን ከሞላ ጎደል ፈታው።

ሰዓቱ ግን ጣጣ ነው። ኳርተርባኩ ተረከዙን ሲያነሳ ሞሽኑ ይነሳል። ስናፑ መቼ? «ጋርዱ ጋ ሲደርስ» ብለን ጀመርን፤ ኳሱ ኳርተርባኩ እጅ ሲገባ ሯጩ አልፎት ሄዷል። ወደ ታክሉ አቀረብነው፤ ተገናኙ። ሴንተሩ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚሰማ ሞሽኑን አያየውም፣ የሚሰማው የኳርተርባኩን ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን የሚይዘው ኳርተርባኩ ነው፣ መስመሩ ስለ ሞሽኑ ምንም ማወቅ የለበትም። ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ብለን ነበር።

ሌላ ባንዲራ (የቅጣት ምልክት) ደግሞ ከየት መጣ ስንል፦ ኤች ባኩ ቦታ ቀይሮ ገና ሳይረጋ ሞሽኑ ተነሳ። ቦታ ከተቀየረ በኋላ 11ዱም ሙሉ አንድ ሰከንድ ጸጥ ማለት አለባቸው። አሁን ኳርተርባኩ ተረከዙን ከማንሳቱ በፊት በአፉ «አንድ ሺህ አንድ» ይላል።

ሴፕቴምበር፣ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች

ሞሽኑ ሠራ፤ ብሎኩ ፈረሰ። ነገሩን በዝርዝር ልጻፈው፣ ከዚህ ሲዝን የሚቀረው ቁም ነገር ይኼ ነውና።

ኢንሳይድ ዞን ወደ ቀኝ። ታይት ኤንዱ ኤንዱን ይይዛል። ቀኝ ታክልና ቀኝ ጋርድ የውስጡን ትልቅ ልጅ በኮምቦ ገፍተው ወደ መሀል ላይንባከሩ ይወጣሉ። ሴንተርና ግራ ጋርድ ሌላውን ገፍተው ወደ ሁለተኛው ላይንባከር። ግራ ታክል የማዶውን ኤንድ። ስድስት ለስድስት፣ ወረቀት ላይ ያምራል። ጄት ሞሽኑ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ሰባተኛው ሰው ተከትሎት ሄደ፤ የፈለግነው ይኸው ነበር። ግን ላይንባከሮቹም እያንዳንዳቸው አንድ ጋፕ (በሁለት የመስመር ልጆች መካከል ያለ ክፍተት) ወደ ግራ ተንሸራተቱ። የመሀሉ አሁን የቆመው በሴንተሩ ትይዩ ነው። ቀኝ ጋርዳችን «55 ቁጥር የእኔ ነው» ብሎ ስለያዘ፣ ሲሸሽ ተከተለው፤ ሴንተሩ ላይ ተላተመ። የተዉት ትልቁ ልጅ ቀጥ ብሎ ገብቶ ሯጩን ኳሱን እንደተቀበለ ጣለው። ተመሳሳይ ፕሌይ ደግመን ጠራን፤ ያው ሆነ።

ሰኞ በቪዲዮ አየነው። አስተባባሪው ሞሽኑን እንቁረጠው አለ። እኔ የለም አልኩ፤ ሞሽኑ ሰው አንቀሳቅሷል፣ እኛ ነን ሰውን በማልያ ቁጥር የምናሳድደው። ሕጉ ተቀየረ፦ ኮምቦ የሚጠብቀው ቦታን ነው። ላይንባከሩ ከጋፕህ ከወጣ አትከተለው፤ የጎረቤትህ ሆኗል። አንተ የያዝከውን መግፋት ቀጥልና ወደ ባዶው ቦታ ማን እንደሚመጣ ተመልከት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላይ የወረደ ሴፍቲ (የኋለኛው ተከላካይ) ነው፣ እሱም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ሁለተኛው ለውጥ ድምፅ ነው። ሞሽኑ ካለፈ በኋላ ላይንባከሮቹ ከተንሸራተቱ አንድ ሰው መናገር አለበት። ሴንተሩ ቀና ብሎ ማየት ግዴታው ሆነ፣ ስናፑም በዚያው ልክ በትንሹ ዘገየ፤ ሞሽኑ ሁለት ሜትር ወደ ውጭ እንዲጀምር በማድረግ አካካስነው። በእንግሊዝኛ ግራና ቀኝ ቢጮህ ዲፌንሱም ይሰማል። ልጁ ራሱ «ኮች፣ በአማርኛ ልበለው?» አለኝ። መስመሩ ሙሉ፣ ነጩም ጥቁሩም የሳልቫዶሩም ልጅ፣ በአንድ ከሰዓት «ግራ» እና «ቀኝ» ተማረ። ግሩም ነበር፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የመጣ ቡድን ገጥመን የመሀል ላይንባከሩ የሐበሻ ልጅ ሆኖ እስኪገኝ ድረስ። ሴንተሩ «ግራ!» ሲል ልጁ ሳቀና ጓደኞቹን በእጁ ወደዚያው ጠራቸው። በእረፍት ሰዓት ግራው «ሽሮ»፣ ቀኙ «ጥብስ» ሆነ። አሁንም እንደዚያው ነው።

የሴንተሩ አባት ከጨዋታው በኋላ ጠጋ ብለው «ልጄ ኳሱን መቼ ነው የሚነካው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ በየፕሌዩ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው» አልኳቸው። «እሱማ አየሁ፤ ወዲያው ለሌላ ይሰጣል እኮ» አሉ።

ሴፕቴምበር መጨረሻ

ሄዶ የሚመለሰውን ሞሽን ጨመርን። ለልጆቹ ያሳየሁት የጃንዋሪ 30 ቀን 1983ቱን የፓሳዲና ሱፐር ቦውል ነው። ማያሚ 17 ለ 13 እየመራ፣ አራተኛ ዳውን (የመጨረሻው ሙከራ)፣ የቀረው አንድ ያርድ። ዋሽንግተን ታይት ኤንዱን ክሊንት ዲዲየርን በሞሽን ላከው፣ ወዲያው መለሰው። እሱን ተከትሎ ይሄድ የነበረው ዶን ማክኒል ለመመለስ ሲዞር ተንሸራተተ። ተነስቶ ደረሰ፣ ግን ጆን ሪጊንስን በማልያው ብቻ ነው የያዘው። 43 ያርድ፣ ተችዳውን፤ ጨዋታው 27 ለ 17 አለቀ። ቪዲዮውን ሩጫው ሳይጀመር አቁሜ ማክኒልን ብቻ እንዲያዩ አደረግሁ። ለመንሸራተቱ ሣሩ ተጠያቂ ነው የሚል አለ፤ መመለስ ባይኖርበት ኖሮ ግን መዞርም ባላስፈለገው።

የሚመለሰው ሞሽን ሌላ ጥቅም አለው። ሲሄድ አንድ ተከላካይ ለብቻው ከተከተለው ሰው ለሰው እየተጫወቱ ነው፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ከተንሸራተቱ ዞን፣ ማለትም እያንዳንዱ ቦታ የሚጠብቅበት አከላከል፣ ነው። ኳርተርባኩ ይህን አይቶ ሩጫውን ወደ የትኛው ጎን እንደሚያዞር ይወስናል። ለ15 ዓመት ልጅ ከባድ ይመስለኝ ነበር። ከስናፕ በፊት ጊዜ ስላለው ከሪዱ (ከስናፕ በኋላ ተከላካዩን አይቶ ከመወሰን) ይልቅ ይህ ቀለለው።

ኦክቶበር

አንድ ጎበዝ ቡድን ጄት ሞሽናችንን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ላይንባከሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቪዲዮአችንን አይተዋል፣ ኳሱን ለጄቱ የሰጠነው ከስንት አንዴ ነው። የማይፈራ ማስመሰያ ማስመሰያ አይደለም። በመጀመሪያው አጋማሽ ኢንሳይድ ዞን ግድግዳ ሆነብን። ከእረፍት በኋላ ኳሱን ለጄቱ ሰጠን፣ ደጋግመን፣ ታይት ኤንዱ ኤንዱን ከውጭ እየከበበ። ሁለት ረጃጅም ሩጫ ከተሳካልን በኋላ ላይንባከሮቹ ጄቱን ሲያዩ መሮጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ ጄቱን ወደ ቀኝ ልከን ካውንተሩን ወደ ግራ ጠራነው። ኤች ባኩ በር ላይ ሲደርስ የሚመታው ላይንባከር አጥቶ ዞሮ ወደ ኋላ ሲያይ በቪዲዮ ላይ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን፦ ጄቱ በመጀመሪያው ሩብ ኳሱን ማግኘት አለበት፣ ሁለት ያርድ ብቻ ቢያመጣም።

ዝናብ መጣ። በእጅ መቀባበሉ ጭቃ ላይ አደገኛ ሆነ፤ ኳሱ ሁለቱ መካከል ይወድቅና የነጠቀ ይወስደዋል። ያደረግነው፦ ኳርተርባኩ ኳሱን ከመስጠት ይልቅ በሁለት እጁ ወደ ፊት ወርወር ያደርገዋል፣ ግማሽ ሜትር ያህል። ይህ በደንቡ ወደ ፊት የተጣለ ፓስ ነው፤ ቢወድቅ ያልተሳካ ፓስ ተብሎ ጨዋታው ይቆማል እንጂ ኳሱ አይነጠቅም። ከመስመሩ ኋላ ስለሚያዝም የእኔ ልጆች ወደ ፊት ወጥተው ብሎክ ማድረጋቸው አያስቀጣም። በዝናቡ ጨዋታ አንዴ ወደቀ፣ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ ቀጣዩን ዳውን ተጫወትን። ደረቅ ሜዳም ላይ ይህንኑ ቀጠልንበት፤ ለሰዓቱም ይመቻል።

ኖቬምበር

ሲዝኑ አልቋል። ጎማው ሁለት ቦታ ተቀዶ ቴፑ ተላጧል፣ ግን ይሠራል። ዘንጉ ላይ ያለው የስልክ መያዣ ይቀየር፣ ንፋስ ሲኖር ይዞራል።

ለሚቀጥለው ዓመት ዱዎ ይገባል፤ ኮምቦውን መቼ መላቀቅ እንዳለባቸው ስላወቁ አሁን ይችሉታል። አውትሳይድ ዞንን አልቀበልም፣ አስተባባሪው በየሳምንቱ ቢጠይቀኝም። ቴሬል ዴቪስ በ1998 ለዴንቨር ሲጫወት በአሠልጣኝ አሌክስ ጊብስ መስመር 2,008 ያርድ የሮጠበትን ጥበብ የእኛ ታክሎች በሁለት ወር አይይዙትም።

ሴንተሩ ወደ ቫርሲቲ (ወደ ዋናው ቡድን) ያልፋል። ቦታውን ቀኝ ጋርዱ እንዲይዝ ከዲሴምበር ጀምሮ ጂም ውስጥ ስናፕ ይለማመዳል። ግራኝ ስለሆነ ኳሱ በተቃራኒው ይሽከረከራል፤ ኳርተርባኩም አብሮት መምጣት አለበት። «ሽሮ» እና «ጥብስ» ማለትን አስቀድሞ ያውቃል፣ የሚቀረው ቀና ብሎ ማየት ነው።